«ግራኝ ናት» የተባለችው ሕፃን፦ በ29 ሳምንት የተወለደች ልጅ የጉዳይ ጥናት

ይህን የምጽፈው እናትየው ፈቅዳልኝ ነው። ስም አልጠቅስም፣ ሆስፒታልም አልጠቅስም፣ ቤተሰቡን ሊያሳውቁ የሚችሉ አንዳንድ ነገሮችንም ትቻቸዋለሁ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ከሕፃናት ጋር የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ያለጊዜያቸው ተወልደው የተረፉ ልጆች ወደ ክፍላችን በብዛት ይመጣሉ። መትረፋቸው ትልቅ ነገር ነው። ግን ከማሞቂያ ክፍል ከወጡ በኋላ ሁሉም ሰው የሚከታተለው ክብደታቸውንና ክትባታቸውን ነው። እጅና እግራቸውን እንዴት እንደሚያንቀሳቅሱ ቁጭ ብሎ የሚያይ ብዙም የለም። ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

የዚህች ልጅ ጉዳይ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይዟል። ቤተሰቡ መጨነቅ በማይገባው ነገር እንቅልፍ አጥቶ ነበር። የሚያስጨንቀው ነገር ደግሞ ሁሉም ሰው ፊት ነበር፣ ያውም በፈገግታ ይወራ ነበር።

ከመጀመሪያው

ልጅቷ የተወለደችው እርግዝናው 29 ሳምንት ላይ ሳለ ነው። የእናትየው ደም ግፊት አልወርድ ብሎ በቀዶ ጥገና ወጣች። ክብደቷ 1,180 ግራም ነበር። መጀመሪያ ትንፋሿ በባብል ሲፓፕ፣ ማለትም በአፍንጫ በኩል አየር እየገፋ ሳንባን ክፍት በሚያደርግ መሣሪያ፣ ተደገፈ፤ ስትረጋጋ ወደ ካንጋሮ ክፍል ተዛወረች። እናትየው ልጇን ደረቷ ላይ ገላ ለገላ አድርጋ፣ በነጠላ አስራ፣ ቀንና ሌሊት እዚያው ከረመች።

ካንጋሮ የድሃ አገር ማካካሻ የሚመስለው ሰው አለ። እርግጥ በ1978 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ሲጀመር ማሞቂያ ማሽኑ ስላልበቃ ነበር። ዛሬ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት በሙሉ ይመክረዋል። እዚሁ አዲስ አበባ ተሠርቶ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ካንጋሮን ቶሎ ከጀመሩት ሕፃናት 22.5 በመቶ ሲሞቱ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት የሞቱት 38 በመቶ ነበሩ። የዚህችም ልጅ ነፍስ የቆመው በእናቷ ደረት ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ጭንቅላቷ በእርግብግቢቷ በኩል በአልትራሳውንድ ታይቶ ነበር። በግራ በኩል ደም ፈሷል፣ አጠገቡ ያለው የአንጎል ክፍልም ተጎድቷል። በጣም ቀድመው በሚወለዱ ልጆች ላይ ይህ የሚታወቅ ነገር ነው። በአንጎል ውስጥ ካሉት የፈሳሽ ጓዳዎች ዳር፣ በዚያ ዕድሜ ብቻ የሚኖር፣ የደም ሥሮቹ በጣም ስስ የሆኑ ቦታ አለ። የደሙ ፍሰት ከፍ ዝቅ ሲል ይቀደዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ውስጥ። እዚህ ቦታ አጠገብ ደግሞ እጅንና እግርን የሚያዙት የነርቭ መስመሮች ያልፋሉ። በግራ ያሉት የሚያዙት ቀኝ እጅና ቀኝ እግርን ነው።

በመውጫ ወረቀቷ ላይ ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ አህጽሮት በአንዲት መስመር ተጽፎ አልፏል። ለእናትየው ያስረዳት ሰው አልነበረም። «ክብደቷ ጨምሯል፣ ክትባቷን አታስቀሪ» ተብላ ወጣች።

ከካንጋሮ ክፍል የቀረ ፍርሃት

እናትየው ካንጋሮ ላይ ሳለች ልጅቷ እንቅልፍ ሲወስዳት ጣቶቿ፣ የእግሯ ጫፍ፣ ከንፈሯ ድንገት ድንገት ይወራጭ ነበር። አጠገቧ የነበረች አስታማሚ «የሚጥል በሽታ እንዳይሆን» አለቻት። ይህች ቃል ለወራት አልለቀቀቻትም። ቤት ከገቡም በኋላ ልጇ ስትተኛ አፍጥጣ ታያታለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ እናቶች ይህንኑ ይጠይቁኛል። በ29 ሳምንት የሕፃን አንጎል ሞገድ በኢኢጂ (የአንጎልን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው ምርመራ) ሲታይ የአዋቂን አይመስልም። አንዴ ሞገዱ ጎርፎ ይመጣል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል፣ ደግሞ ይመጣል። አዋቂ ላይ ቢታይ ያስደነግጣል፤ በዚያ ዕድሜ ግን ጤናማው እንዲህ ነው። የሚገርመው ከእንቅስቃሴ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች በ29 እና በ31 ሳምንት መካከል የነበሩ ሕፃናትን አይተው በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ እጃቸው ወይም እግራቸው በራሱ ድንገት ሲወራጭ፣ ያንን የሰውነት ክፍል በሚሰማው የአንጎል ቦታ ላይ ወዲያው ሞገድ እንደሚነሳ አሳይተዋል። እኛ የለመድነው አንጎል ያዛል፣ እጅ ይታዘዛል የሚለውን ነው። በዚህ ዕድሜ እጅም አንጎልን ይቀሰቅሳል። ሕፃኑ እጁ የት እንዳለ፣ እግሩ የት እንዳለ ለአንጎሉ እያስተማረ ነው። በወቅቱ የሚወለድ ልጅ ይህን ማህፀን ውስጥ ይጨርሰዋል፣ ቀድሞ የተወለደው ደግሞ እናቱ ደረት ላይ ይሠራዋል። ልጁ መወለድ የነበረበት ቀን ሲቃረብ እነዚያ ሞገዶች እየጠፉ ይሄዳሉ።

ስለዚህ እናትየው ስታየው የነበረው መወራጨት አንጎል ሲሠራ ነው። በእንቅልፍ ብቻ የሚመጣ፣ ልጁ ሲነቃ ወዲያው የሚቆም መወራጨት ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም። ነቅቶ ሳለ የሚመጣ፣ በእኩል ምት የሚደጋገም፣ ዓይን ወደ አንድ ጎን ከመፍጠጥ ወይም ከትንፋሽ መቆራረጥ ጋር የሚመጣ ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። የዚህችን ልጅ ግን የአንጎል ጉዳት ስላለባት በግምት አልተውነውም፣ ኋላ ላይ ኢኢጂ ተሠራላት። የሚጥል በሽታ ምልክት አልታየበትም። እናትየው ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ አለቀሰች።

ወደ እኛ ያመጣቸው ችግር

የመጡት ልጅቷ 8 ወር ሲሆናት ነው፣ እናት፣ አያትና ልጅ። ቅሬታው አንድ ነበር፦ «አትቀመጥም።» የጎረቤት ልጅ በ8 ወሩ ይድሃል፣ ይቺ በትራስ ተከባ እንኳ ወደ ጎን ትወድቃለች። አባትየው ተጨንቆ ዎከር (ጎማ ያለው የሕፃን መራመጃ) ገዝቶላታል። በቅቤ ታሽታለች። ጠበልም ሄደዋል።

መጀመሪያ ዕድሜዋን ቆጠርን። እርግዝና 40 ሳምንት ነው፣ እሷ የመጣችው በ29፣ ስለዚህ 11 ሳምንት ቀድማለች። ከ8 ወር ላይ 11 ሳምንት ስንቀንስ 5 ወር ተኩል ገደማ ይሆናል። እንቅስቃሴዋ የሚለካው በዚህ በተስተካከለው ዕድሜ ነው፣ ቢያንስ 2 ዓመት እስኪሞላት። አያትየው አልተዋጠላቸውም። «ልጄ፣ ዕድሜ ይቀነሳል እንዴ?» አሉኝ። ክርስትናዋን አስታወስኳቸው። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። እሷ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ፣ ማህፀን ውስጥ ብትቆይ ኖሮ ገና የ3 ቀን ልጅ መሆኗ ነበር። ያኔ ገባቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት ጋና፣ ሕንድ፣ ኖርዌይ፣ ኦማንና አሜሪካ ውስጥ ጤናማ ልጆችን ተከታትሎ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መለኪያ፣ ልጆች ያለድጋፍ የሚቀመጡት ከ3.8 እስከ 9.2 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ለ5 ወር ተኩል ልጅ አለመቀመጥ ምንም አይደለም። እናትየው በረጅሙ ተነፈሰች።

ይህን እያወራን ልጅቷ ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ነበር። ቁልፌን በቀኟ በኩል አንጠለጠልኩላት። ቀኝ እጇ ቁልፉ አጠገብ ነው ያለው። ግራ እጇን ግን ደረቷን አሻግራ፣ ግማሽ ገላዋን አዙራ፣ ይዛው ወጣች። ቀኝ እጇ ጭብጥ እንዳለ ነው፣ አውራ ጣቷም ውስጥ ገብቷል። ደጋግሜ አየሁት፣ ሁልጊዜ ግራ።

ስጠይቅ አያትየው ፈገግ አሉ። «ግራኝ ናት፣ ልጄ። አያቷም ግራኝ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረው።» ቤት ውስጥ ለወራት እንዲህ እየተባለ በደስታ ሲወራ ነበር፣ ሟቹ አያት በልጅቷ ተመልሰው የመጡ ያህል። ያንን ደስታ መንካት ከበደኝ። ግን መነገር ነበረበት። ልጅ ግራኝም ሆነ ቀኝ መሆኑ አንድ ዓመት ሳይሞላው ጎልቶ አይታይም። ከዚያ በፊት አንዱን እጅ ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ ጥያቄው ስለማይጠቀምበት እጅ ነው።

ለክትባት በሄዱበት ቦታ እናትየው «ቀኝ እጇን አትከፍትም» ብላ አንድ ጊዜ ተናግራ ነበር። የተሰጣት መልስ «ያለጊዜዋ የተወለደች ናት፣ ትደርሳለች» የሚል ነው። ይህ መልስ ነው በጣም የሚያናድደኝ። የዕድሜ ማስተካከያ ለመዘግየት ይሠራል። ለአንድ ጎን አይሠራም። ያለጊዜው መወለድ ሁለቱንም እጅ እኩል ያዘገይ ይሆናል እንጂ ቀኙን ብቻ መርጦ አያዘገይም።

ያደረግነው

መጀመሪያ የፈለግነው ማስረጃ ነበር። ሕፃናት በተስተካከለ ዕድሜ ከ3 እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ፣ ነቅተው ረጋ ሲሉ፣ አንገታቸው፣ ትከሻቸው፣ የእጅና የእግር አንጓቸው በየአቅጣጫው ያለማቋረጥ በስሱ ይቁነጠነጣል። ይህን መቁነጥነጥ ያጠናው ኦስትሪያዊው ሃይንዝ ፕረሽትል ነው። እሱና ባልደረቦቹ 130 ሕፃናትን ተከታትለው በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ መቁነጥነጡ ጤናማ ከነበረባቸው ልጆች 96 በመቶው ኋላም ጤናማ ሆነዋል። ካልታየባቸው ወይም ከተበላሸባቸው 95 በመቶው ደግሞ የነርቭ ችግር ታይቶባቸዋል። መሣሪያ አይጠይቅም፤ ቪዲዮና የሠለጠነ ዓይን ይበቃል።

ችግሩ ልጅቷ ከዚያ ዕድሜ አልፋለች። እናትየው ግን ስልኳ ላይ አንድ ቪዲዮ ነበራት። የልጅቷ አጎት ልጅ የተወለደው በወቅቱ ነው፣ ያውም እሷ ልትወለድበት በነበረው ሳምንት አካባቢ። ስለዚህ በተስተካከለ ዕድሜ እኩያሞች ናቸው። ፋሲካ ዕለት ሁለቱንም ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን አስተኝተው ቀርጸዋቸዋል፣ ያኔ 3 ወር ገደማ ናቸው። ሥልጠናውን የወሰደች ባልደረባዬ ጋር ሆነን ድምፁን አጥፍተን አየነው። ልጁ አንጓዎቹ አያርፉም፣ ጣቶቹ ይከፈታሉ ይዘጋሉ፣ ቁርጭምጭሚቱ ይዞራል። እሷ ትራገጣለች፣ ትስቃለች፣ ክንዷንም ታነሳለች። ያ ስስ መቁነጥነጥ ግን የለም። ጣቶቿ የሚንቀሳቀሱት በግራ ብቻ ነው። ቤተሰቡ ያንን ቪዲዮ ስንት ጊዜ አይቶታል፣ ዓይናቸው ግን ሳቋ ላይ ነበር። ማን ሌላ ነገር ያያል?

ከዚያ ሃመርስሚዝ የሚባለውን የነርቭ ምርመራ ሠራን። 26 ነጥቦች አሉት፣ የቀኝና የግራን ልዩነት ለብቻው ይመዘግባል። ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ። የመውጫ ወረቀቷን አስመጥተን ያችን አንዲት መስመር ስናነብ ነገሩ ገጠመ። የሕፃናት ነርቭ ሐኪም ጋር ላክናቸው፣ እሱም አንድ ጎን የያዘ ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር፣ መሆኑን ነገራቸው። ኤምአርአይ የሚባለው የአንጎል ምስል አልተሠራም፣ ዋጋው አልተቻለም። ያለውም ማስረጃ ሥራ ለመጀመር በቂ ነበር።

ለምን ቸኮልን? ስንወለድ እያንዳንዱ የአንጎል ጎን ወደ ሁለቱም እጆች መስመር አለው። በመጀመሪያዎቹ ወራትና ዓመታት መስመሮቹ ይፎካከራሉ። ነገሩ እንደ እግር መንገድ ነው፦ ሰው የሚመላለስበት ይሰፋል፣ ያልተረገጠው ሣር ይበቅልበታል። ከተጎዳው ጎን የተረፉት መስመሮች ሥራ ካልተሰጣቸው ቦታቸውን ያጣሉ። ስለዚህ «እስቲ ትንሽ እንጠብቅ» ዋጋ ያስከፍላል።

ዋናው ሥራ ደህናውን ግራ እጅ ለጥቂት ጊዜ ሸፍኖ ቀኙን ማጫወት ነው። በቀን 30 ደቂቃ ገደማ፣ በሳምንት 6 ቀን፣ ለ6 ሳምንት፤ ከዚያ እረፍት፣ ከዚያ እንደገና። ስዊድን ውስጥ ለሕፃናት በዚህ መልክ ተዘጋጅቶ የተጠና አሠራር ነው። ዎከሩ እንዲቀር ነገርናቸው። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ሽያጩን ጭራሽ ከልክላለች፣ በአደጋው ምክንያት። ለዚህች ልጅ ደግሞ በጣቷ ጫፍ እንድትገፋ ስለሚያደርግ ቀኝ እግሯን የበለጠ ያገትርባት ነበር። መታሸቷን አልከለከልንም። አያትየው ሲያሹ ቀኝ መዳፏን ከፍተው እንዲያሹ፣ ልጅቷም እጇን እንድታይ ብቻ ጨመርንበት። ስትታዘል ሁለቱም እጆቿ ከአንቀልባው ውጭ እንዲሆኑ አልን።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራ

ግራ እጇን ለመሸፈን መጀመሪያ የሰጠናት ጓንት አልሠራም። በጥርሷ ትጎትተዋለች፣ ካልወጣላት ታለቅሳለች፣ ያለቀሰ ልጅ ደግሞ አይማርም። አያትየው ካልሲ ወስደው ከሹራቧ እጅጌ ጫፍ ጋር ሰፉት። ልጅቷ እንደ ልብስ ቆጠረችው። ከዚያ የራሳቸውን ጨመሩበት፦ በቀኙ እጅጌ ላይ ትንሽ ቃጭል አጥብቀው ሰፉ። ቀኝ እጇ ሲንቀሳቀስ ይጮሃል፣ ልጅቷም ዞር ብላ ታያለች፣ ደግማ ታንቀሳቅሳለች። እኔ ብዙ መጫወቻ አሳይቻቸው ነበር፣ የአያትየው ቃጭል ሁሉንም በለጠ።

የወረቀት መልመጃውም አልሠራም። እጅን ጎትት፣ እግርን ዘርጋ የሚል ዝርዝር ነው። እናትየው በትጋት ሠራችው፣ ልጅቷ ግን ዝም ብላ ትጎተታለች። ሰው ሲያንቀሳቅሳት አንጎሏ የሚያቅደው ነገር የለም። ለውጥ የመጣው ራሷ ፈልጋ ስትደርስበት ነው። ትንሽ ሃይላንድ ውስጥ በቆሎ ከተን ክዳኑን በደንብ አሸግን፣ አንገቱ ለቀኝ እጇ ልክ ሆነ። ምግብ ስትጀምር ዳቦ በቀኟ ይሰጣት ጀመር። ረሃብ ያለበት ልጅ እጁን ይከፍታል።

በሆድ ማስተኛቱ አልጋ ላይ አልሆነም፣ በለቅሶ አበቃ። እናትየው ደረት ላይ ግን ሆነ። ያው የካንጋሮ ቦታ ነው፣ ለምዳዋለች።

በየሳምንቱ መምጣቱም አልዘለቀም። ታክሲ ሁለት መቀየር፣ ከሥራ መቅረት፣ ወረፋ፣ ለማን ይቻላል? ወደ ቴሌግራም ዞርን። እናትየው አጭር ቪዲዮ ትልካለች፣ እኔ ማታ አይቼ በድምፅ እመልስላታለሁ። በሐቀኝነት ለመናገር ከክፍላችን ይልቅ ቤቷን በቪዲዮ ማየቱ ብዙ አስተማረኝ፦ ትራሱ የቱ ጋ እንዳለ፣ ማን እንደሚያቅፋት፣ በየትኛው ጎን እንደምትጠባ።

አሁን

በተስተካከለ ዕድሜ 9 ወር ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። በእጅና በጉልበት አልዳኸችም፣ በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ነው ቤቱን የዞረችው። ብቻዋን የሄደችው በ19 ወሯ ነው፣ ያው በተስተካከለው። የዓለም ጤና ድርጅት ሰፊው ገደብ 17.6 ወር ስለሆነ ይህ መዘግየት ነው፣ አልሸፍነውም። ቀኝ እግሯ ትንሽ ያነክሳል፣ የፕላስቲክ መደገፊያ ታደርጋለች። ቀኝ እጇ ይከፈታል። ሃይላንዱን በቀኟ ይዛ ክዳኑን በግራዋ ትከፍታለች። በሁለት ጣት ባቄላ ማንሳት ግን በቀኟ አልቻለችም፣ ላይሆንላትም ይችላል። ትናገራለች፣ ትዘፍናለች፣ ከአጎቷ ልጅ ጋር ኳስ ትጋፋለች።

አባትየው መጀመሪያ ላይ ዎከሩን ስናስተወው ተቀይሞን ነበር። አሁን ቪዲዮ የሚልክልኝ እሱ ነው።

ለሌላ ቤተሰብና ለባለሙያ የሚጠቅመው

ሐኪም ወይም ነርስ ከሆናችሁ፣ የአንጎል አልትራሳውንድ ውጤትን ለእናት በአማርኛ ወይም በምትናገረው ቋንቋ ንገሯት፣ በካርዷም ላይ ጻፉት። ደም የፈሰሰ ልጅ ሁሉ ችግር ይገጥመዋል ማለት አይደለም፤ ግን መቼ መታየት እንዳለበት እናት ማወቅ አለባት። «ትደርሳለች» ከማለታችሁ በፊት ሁለቱን እጆች አወዳድሩ። ዛሬ ሴሬብራል ፓልሲን በተስተካከለ ዕድሜ 6 ወር ሳይሞላ መለየት ይቻላል፣ ልጁ 2 ዓመት እስኪሞላው የሚያስጠብቅ ምክንያት የለም።

ወላጆች ደግሞ ልጃችሁ ቀድሞ ከተወለደ የሚወለድበት የነበረውን ቀን ጻፉና ከዚያ ቁጠሩ። ከጎረቤት ልጅ ጋር ስታወዳድሩ በዚያ ዕድሜ ይሁን። ያኔም ቢሆን «መቼ ተቀመጠ» ከሚለው እኩል «እንዴት ይንቀሳቀሳል» የሚለውን እዩ፦ ሁልጊዜ የተጨበጠ እጅ፣ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚዞር ራስ፣ አንዱ ብቻ የሚራገጥ እግር፣ ዓመት ሳይሞላው «ግራኝ» ወይም «ቀኝ» የሆነ ልጅ። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ የሚያየው ሰው እስክታገኙ ድረስ ጠይቁ፣ አንድ ሰው ምንም አይደለም ስላላችሁ ብቻ አትተዉት።

ከተስተካከለ 3 ወር ጀምሮ ደግሞ አንድ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ልጃችሁ ምንም የማያሳስብ ቢሆንም። ልጁ ጠግቦ፣ ነቅቶ፣ ሳያለቅስ በጀርባው ይተኛ። እጅና እግሩ ይራቆት፣ ክፍሉ ግን ሞቅ ይበል። ጡጦም መጫወቻም አይኑር፣ ማንም አያናግረው። ስልኩን ከእግሩ በኩል ከፍ አድርጋችሁ መላ ሰውነቱ እንዲታይ ያዙና ለ3 ደቂቃ ያህል ቅረጹ። ቀኑን ጻፉበት፣ አታጥፉት፣ ለክትትል ስትሄዱም ይዛችሁ ሂዱ።